የእማየ አልጋ

ዛሬ ጠዋት ከጣና በኩል የመጣው ዝናብ ደጅ ያቆምሁትን የዋንዛ ጣውላ አራሰው፤ ሽታው ልጅነቴን ይዞብኝ መጣ።

እማየ ሆስፒታል ነበረች። አባየ ስትመለስ የምትተኛበትን አልጋ ጓሯችን ባለችው የእንጨት መሥሪያ ክፍሉ ይሠራላት ነበር። ክረምቱ ግን ጣውላውን አላስደርቅ አለው። ዋንዛ ቀስ ብሎ መድረቅ እንዳለበት እያወቀ፣ መስኮቱን ዘግቶ ከሰል አቀጣጠለበት።

"ድረቅ እንጂ፣ በማርያም!" እያለ እንጨቱን ይለምነዋል።

ከሰዓት በኋላ ጣውላው ጧ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። አባየ ስንጥቁን በሁለት እጁ ገጥሞ ይዞ አለቀሰ።

"አባየ፣ ሌላ እንጨት እናገኛለን" አልሁት።

"እንጨቱስ ይገኛል፣ ልጄ።"

እንጨት ከተገኘ ምን ያስለቅሰዋል ብየ ነበር። እማየ አልተመለሰችም።

ዛሬ ጣውላየን መሥሪያ ክፍሌ አስገብቼ መስኮቱን ከፈትሁለት። እንዳሻው ይድረቅ፤ የምቸኩልለት ሰው የለኝም።