በሰባት ፈረስ ሦስተኛ

በፈረስ መወዳደሪያው ግቢ ውስጥ ስሟን ከነአባቷ የሚያውቅ ሰው የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አራተኛው የውርርድ መስኮት ላይ ስለተቀመጠች ሁሉም «እትዬ አራት» ይላታል፤ ደመወዝ ከፋዩ እንኳ አንድ ወር ተሳስቶ እንደዚያ ብሎ ጽፎላት ነበር። እሷም አልተቀየመችም። ለመቀየምም ጉልበት ይጠይቃል፤ እትዬ አራት ደግሞ ከደከማት ቆይቷል።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት የመቀመጥ ሥራ ነው። እስቲ ተቀምጣችሁ እዩት! የወንበሩ አንድ እግር አጭር ስለሆነ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ተወትፎለታል። መስኮቱ በብረት ፍርግርግ ተከልሏል፤ ከታች እጅ የምታሾልክ ቀዳዳ አለች። በዚያች ቀዳዳ ክረምት ከበጋ ነፋስ ስለሚገባ ቀኝ ጉልበቷን ይቆረጥማታል። በስተግራዋ ቲኬት የሚያትመው ማሽን ይንጫጫል። በስተቀኟ፣ ከፍርግርጉ ላይ፣ በሁለቱም ፊቷ በትልቁ የተጻፈባት ትንሽ ጣውላ ተንጠልጥላለች። በአንዱ ፊቷ «ሦስት»፣ በሌላው «ሁለት» ትላለች። የዚህ ሁሉ ጣጣ ከዚያች ጣውላ ስለሚመዘዝ፣ እትዬ አራት በቀን አርባ ጊዜ የምትጠየቀውን እኔ አንድ ጊዜ ላስረዳ።

«ለአንደኝነት» ብሎ የተወራረደ ሰው ፈረሱ አንደኛ ካልወጣ ብሩን ውሃ በላው። «ለደረጃ» ብሎ የተወራረደ ግን በሩ ትንሽ ሰፋ ይልለታል፤ ፈረሱ ከፊተኞቹ ጋር ይግባለት እንጂ የግድ አንደኛ ይሁን አይባልም። ከፊተኞቹ ስንቱ? ጣውላዋ የምትመልሰው ይህንን ነው። ስምንትና ከዚያ በላይ ፈረስ ከሮጠ እስከ ሦስተኛ ይከፈላል። ከአምስት እስከ ሰባት ከሆኑ እስከ ሁለተኛ ብቻ። ከዚያ ካነሱ የደረጃ ውርርድ ብሎ ነገር የለም። ክፍያውም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ለደረጃ የገባው ገንዘብ ሁሉ አንድ ቋት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቤቱ የራሱን ይቆርጣል፣ የተረፈው ደረጃ ውስጥ ለገቡት ፈረሶች እኩል ይካፈላል፤ የእያንዳንዱ ፈረስ ድርሻ ደግሞ በእሱ ላይ ለተወራረዱት ይበተናል። እንግዲህ ሕዝቡ ሁሉ የጣለበት ፈረስ ከገባ ያቺ ድርሻ ስንቱ አፍ ይቃመሳት? ለአስር አስራ ሁለት ብትመጣ ነው። ማንም ከቁብ ያልቆጠረው ፈረስ ሲገባ ነው የደረጃ ውርርድ ኪስ የሚሞላው።

ይህን የሚሰማት የለም። ያሸነፈው ሁሉ ቲኬቱን ይዞ ይመጣና «በቃ ይቺን ብቻ?» እያለ ይገላምጣታል፤ እሷ ከኪሷ የቀነሰችበት ይመስል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትከራከር ነበር። አሁን ጣቷን ወደ ጣውላዋ ትቀስርና ዝም ነው።

ሳትሰለች ያስረዳችው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ታላቅ ወንድሟ። ሰዓት ሠሪ ነበር። ከደረጃ ሥር ባለች የበር ስፋት በማታክል ሱቅ ውስጥ አርባ ዓመት ተቀምጦ፣ አንድ ዓይኑ ላይ መነጽር ሰክቶ፣ የጤፍ ፍሬ የማያህሉ ብሎኖች ሲያጠብቅ ኖረ። ከዚያ ዓይኖቹን ሞራ ጋረዳቸው። ሰውም ሰዓቱን ከስልኩ ላይ ማየት ጀመረና ገበያውም አብሮ ሄደ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሻንጣና የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ወደ እትዬ አራት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገባ። እሷ አላገባችም፤ ሊያገባት የነበረው ሰው ለአንደኝነት ብቻ የሚወራረድ ነበርና ከነቀለበቱ ተበልቶ ቀረ። ስለዚህ ወንድሟ ሲመጣ ቤቱ ሞላላት። አፍ አውጥታ አልነገረችውም እንጂ ደስ ብሏት ነበር።

እሑድ እሑድ አብረው ይወጣሉ። እስከ ግቢው በር ድረስ ክንዱን ይዛ ትወስደዋለች፤ ከበሩ በኋላ ግን አይተዋወቁም። ደንቡ ነው። የመስኮት ሠራተኛ ዘመዱን በራሱ መስኮት አያስተናግድም፤ ውድድር እየተካሄደ ከዘመዱ ጋር ቃል ወይም ምልክት ከተለዋወጠም ተቆጣጣሪው ደብተሩ ላይ ያሰፍረዋል፤ ሦስት ጊዜ የሰፈረ ይሰናበታል። እትዬ አራት አንድ ጊዜ ሰፍራለች፤ ለአክስቷ ልጅ «ደህና ዋልሽ» ስላለች። ለጡረታ የቀራት ሁለት ዓመት ነው። ወንድሟም ይህን ስለሚያውቅ ሰባተኛው መስኮት ላይ ይሰለፋል፣ ሕዝቡ በጣለበት ፈረስ ላይ ለደረጃ ትንሿን ሳንቲም ያስይዛል፣ ቢያገኝ ሳሙና ይገዛል፣ ባያገኝ ይስቃል።

ሐኪሙ ሞራው ይገፈፋል ብሏል፤ ለሁለቱም ዓይን ይህን ያህል ብሎ ዋጋውንም ነግሯቸዋል። እትዬ አራት ለጡረታዋ ካስቀመጠችው ልክፈል ብላ ስንት ጊዜ ለመነችው። አሻፈረኝ አለ። «ቤቱ የአንቺ፣ ማዕዱ የአንቺ፤ ዓይኔን እንኳ በራሴ ላብራ» ነበር መልሱ። የጎረቤቱን የግድግዳ ሰዓት ሁሉ በዳበሳ እየፈታ፣ በጆሮው እያዳመጠ ይጠግናል፤ ያገኛትን ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይከታል። በሁለት ዓመት ውስጥ የግማሹን ያህል ሞላ። የአንድ ዓይን ዋጋ ማለት ነው። እሱ ግን ሁለቱንም ፈለገ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለማን እንደሆነ እንግዲህ እዩት።

ያን እሑድ ጠዋት ሻይ እየጠጡ በአራተኛው ዙር የትኛው ፈረስ እንደሚሻል ጠየቃት። እሷም ስምንት እንደሚሮጡ፣ ሕዝቡ በዳማው ፈረስ ላይ እንደሚጥል፣ ዳማው ደግሞ በዚህ ዓመት ከሦስተኛ ወርዶ እንደማያውቅ ነገረችው። «ሣጥን ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው» አለች። የሻይ ወሬ ነበር፤ እሱ ግን አጥብቆ ያዘው።

ከሰዓት በኋላ አራተኛው ዙር ሊጀመር ሲል ድምፅ ማጉያው አንድ ነገር አጉረመረመ። ያ ድምፅ ማጉያ አፉን ሞልቶ የጎረሰ ሰው ነው የሚመስለው፤ ለምዶት ላልኖረ ሰው አይሰማም። እትዬ አራት ሰማችው። ባለ ስድስት ቁጥሩ ፈረስ መነሻው ላይ ተራግጦ እግሩን ስለተጎዳ ከውድድሩ ወጥቷል። እጇን ዘርግታ ጣውላዋን ገለበጠች፤ ሦስት የነበረው ሁለት ሆነ። ቀና ስትል ወንድሟን አየችው። ሰባተኛው መስኮት ጋ፣ ከፊቱ አራት ሰዎች ነበሩ። ሰዓት እንደሚያዳምጥ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይስቃል። አልሰማም። የሰባተኛውን መስኮት ጣውላም አያይም። የሰባተኛው መስኮት ሠራተኛ ደግሞ ካልጠየቁት የማይተነፍስ ነው።

ተቆጣጣሪው ከጀርባዋ ቆሟል። ፊት ለፊቷ ያለው ሰልፍ «ቶሎ በይ እንጂ» ይላል። ጉልበቷ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠዘጥዛት ውሏል። ትንሿ ሳንቲሙ ናት፣ ብትበላስ፣ ብላ አሰበች። አንገቷን ደፍታ የሚቀጥለውን ቲኬት መታች። ሰበብ አልፈልግላትም፤ ደክሟት ነበር፣ ዝም አለች።

ዳማው ሦስተኛ ወጣ።

ማምሻውን ከግቢው በር ውጭ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ጠበቃት። ፊቱ እንዲህ የፈካበትን ቀን አታስታውስም። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ነገ ቢሮ እንድታስከፍልለት ቲኬቱን በመሐረብ ጠቅልሎ ሰጣት፤ እሑድ ያልተከፈለ ቲኬት ሰኞ ቢሮ ይከፈላልና። አውቶቡስ ውስጥ ገልጣ መጠኑን አነበበች። የጣሳውን ሙሉ ነው ያስያዘው! እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ስለ ሐኪሙ ቀጠሮ ያወራል። እንኳን ደስ ያለህ አለችው።

ሰኞ ወደ ቢሮው አልሄደችም፤ የሞተ ቲኬት ይዛ ምን ልትሠራ? ቁጠባዋ ወዳለበት ባንክ ሄደች። እዚያ ወረፋ ይዛ ስታሰላ ስህተቱ ተፈጠረ። ለደንቡ ቢሆን ለአስር አስራ ሁለት አስልታ ብታመጣለት ማንም ባልጠረጠረ። ግን ያ ለሁለት ዓይን አይበቃም። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ባላወቀ፣ እሷ ግን ሃያ ስድስት ዓመት የደረጃ ክፍያ ስትቆጥር የኖረች ሴት፣ አንድ ጊዜ በሆዷ አሰላችና ያስያዘውን እጥፍ አውጥታ መጣች።

ምሳ ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ወንድሟ ብሎን የለመዱ ጣቶቹን እየላሰ ቆጠረ። ጨርሶ እንደገና ቆጠረ። ፈገግታው እየደበዘዘ ሄደ።

«ስንት ከፈለ?» አላት።

«ለአስር ሃያ።»

«ሕዝቡ ሁሉ የጣለበት ዳማ?» ይህን ሂሳብ ስድስት ዓመት ሙሉ ሻይ እየጠጡ ያስተማረችው ራሷ ናት፤ ማን አስተምሪ አላት? ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት፣ በዳበሳ የጠገነው፣ ይቆጥራል። «ስንት ነበሩ የሮጡት?»

ስምንት ማለት ትችል ነበር። አፏ ላይ መጥቶም ነበር።

«ሰባት» አለች። «ባለ ስድስቱ ወጣ። ጣውላዬን ገልብጬ ቀና ስል አየሁህ፣ ጋሼ። ሰልፍ ላይ ነበርክ፤ ገና አላስያዝክም ነበር። እንዳልሰማህ አውቄያለሁ። ዝም አልኩ። ደክሞኝ ነበር።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ወንድሟ አልተቆጣም። ገንዘቡን ሁለት እኩል ቦታ ከፈለው፤ አንዱን ወደ ራሱ ሳበ፣ ሌላውን በመዳፉ እየገፋ ወደ እሷ መለሰ።

«ይሄኛው የዝምታሽ ካሳ ነው፤ እወስደዋለሁ። ያኛው ምጽዋት ነው፤ አንሺው።»

ለሁለቱም ዓይን ይሁን ብላ ለመነችው።

«አንዱ ይበቃኛል» አለ ረጋ ብሎ። «ሰሌዳ ለማንበብ አንድ ዓይን መች አነሰ? ከእንግዲህ ራሴ አነባለሁ።»

ይህን ያለው ሊያቆስላት አልነበረም፤ ክፋት የለበትም ሰውየው። እሷ ግን ያን ቀን ማታም፣ በማግስቱም፣ ቀኝ ዓይኑ ተሠርቶ ፋሻው ሲፈታም «ራሴ አነባለሁ» የሚለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣም። ቤት ውስጥ እንደ ድሮው ሻይ ይጠጣሉ፤ ስለ ፈረስ ግን ምንም አይጠይቃትም። እሷም መናገር ፈራች። ቤቱ የቤት ዕቃ ማከማቻ መሰላት።

ሁለት ወር ቆይቶ እንደገና ወደ ግቢው መጣ። እስከ በሩ ክንዱን ልትይዘው እጇን ዘረጋች፤ መንገዱ ይታየኛል ብሎ ብቻውን ሄደ። ሦስተኛው ዙር ሊጀመር ሲል ያ የጎረሰ ድምፅ ማጉያ አንድ ነገር አጉረመረመ። ባለ ሁለት ቁጥሩ ወጥቷል፤ ስምንቱ ሰባት ሆኑ። እትዬ አራት ጣውላዋን ገለበጠችና በዓይኗ ፈለገችው። ሰባተኛው መስኮት ጋ፣ ሰልፍ ላይ ነበር። ፊቱን አዙሮ በጠራችው አንድ ዓይኑ የሚያየው ግን የሰባተኛውን መስኮት ጣውላ አልነበረም፤ የእሷን ጣውላ ነበር።

በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሁለት ጣቱን ከፍ አደረገላት።

ተቆጣጣሪው ከጀርባዋ ቆሟል። ሰልፉ ይጮኻል፤ ጉልበቷም እንደ ልማዱ ይጠዘጥዛል። እትዬ አራት ሁለት ጣቷን በፍርግርጉ መካከል አሾልካ አወጣችና፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ ከፍ አድርጋ ያዘችለት። ከኋላዋ የደብተር ገጽ ሲገለጥ ሰማች። ይጻፋ።