የቀኝ እጅ ፍሬን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ነው። ያኔ የኖርንበት ግቢ ዛሬ የለም፤ ሰዉም ተበትኗል። ግን ስለ አንድ ሰው በስህተት የሚወራ ነገር አለ። እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ሴት ሳይክል ነዳች ብሎ ዞሮ የሚያያት የለም። ለሥራ አዲስ አበባ ከመጣሁ በኋላ ግን ስምንት ዓመት ሳልነካ ቆየሁ። ካዛንቺስ የብስክሌት መንገድ ሲሠራ ልቤ ተነሳ። ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል ገዛሁና በየወሩ አንድ አንድ ነገር ቀየርኩለት፤ ሰፊ ጎማ፣ አዲስ ማርሽ፣ ለስላሳ ኮርቻ።

ከክፍሌ ቀጥሎ የሚኖሩት ጡረተኛው አስተማሪ ጋሽ ንጉሤ ይስቁብኝ ነበር። «ለእኔ ጥርስ ያልተገኘ መለዋወጫ ለዚህ ሳይክል ተገኘ!» ይላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ወርቅነሽ «ተዋት እንግዲህ፣ አገሯ ናፍቋት ነው» ይሏቸዋል። ዘመዶቼ አይደሉም፤ ግን ስታመም ሾርባ ይዘውልኝ የሚመጡት እነሱ ነበሩ።

መጨረሻ የቀየርኩት ፍሬኑን ነው። ልጅ ሆኜ ግራ እጄን የወፍጮ ቀበቶ ይዞኝ ሁለት ጣቶቼ አይታጠፉም። እኛ የለመድነው ሳይክል ደግሞ የግራው እጀታ የፊት ጎማን፣ የቀኙ የኋላን ነው የሚይዘው። ለፊት ጎማው ኃይለኛ ዲስክ ፍሬን ሳስገጥም፣ ቄራ ያለውን መካኒክ «የፊቱን ወደ ቀኝ አዙርልኝ» አልኩት።

ሲያስረክበኝ «እናት፣ ይሄ አሁን ያንቺ ብቻ ነው» አለኝ። «ሌላ ሰው እንደለመደው ቀኙን ጥርቅም ቢያደርግ ይገለብጠዋል። በቃ፣ ለማንም አታውሺ። ካዋስሽም መጀመሪያ ይሄን ንገሪ።»

እሺ አልኩት። ጠንቃቃ ሰው ነኝ። በር ቆልፌ እንኳ ሁለቴ ተመልሼ የማይ ነኝ።

ቅዳሜ ከቅዳሴ መጥቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ጋሽ ንጉሤ በሬን አንኳኩ። እትዬ ወርቅነሽን አስም ይዟቸዋል፤ በአፋቸው የሚስቡት መድኃኒት አልቋል። ያለው ስታዲየም ጋ ነው ተባለ፤ መንገዱ ደግሞ ተቆፍሮ ታክሲ አይገባም።

«የባሕር ዳር ልጅ፣ ሳይክልሽን ቶሎ!»

«እኔ ልሂድ ጋሼ።»

«አንቺ እሷ ጋ ሁኚ፤ ብቻዋን ትፈራለች። እኔ በወጣትነቴ ደብረ ዘይት ድረስ የነዳሁ ሰው ነኝ።»

የሰንሰለቱን ቁልፍ ሰጠኋቸው። «በደንብ ይቆልፉት፤ እዚያ ሌባ ብዙ ነው» አልኳቸው። «በስመ አብ ብለው ይውጡ።» አማተቡና ወጡ።

ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው።

የእትዬን ጀርባ እያሻሸሁ ውዳሴ ማርያም ስደግም ግቢው በጩኸት ተሞላ። ቁልቁለቱ ላይ ሰው ድንገት ገብቶባቸው ቀኙን ጥርቅም አድርገው ያዙት። የፊት ጎማው ቀጥ አለ፤ እሳቸው በመሪው ላይ አልፈው በጭንቅላታቸው ወደቁ። ሁለት ቀን ሳይነቁ ቆዩ። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። ለእትዬ መድኃኒቱን ሌላ ጎረቤት አምጥቶላቸው ተረፉ።

ድንኳን ውስጥ «በስድሳ ስምንት ዓመቱ ሳይክል! መጃጀት ነው እንጂ» የሚሉ ነበሩ። «ቀኑ ደርሶ ነው፤ ሳይክሉ ሰበብ ነው» የሚሉም ነበሩ። እኔ ይኼኛውን ያዝኩ። «ፈቃዱ ነው» እያልኩ ንፍሮ አዞርኩ።

እትዬ ግን ደረታቸውን እየደቁ «እኔ ነኝ የገደልኩህ! መድኃኒቱ ሲያልቅ እያየሁ ዝም ያልኩ!» ይሉ ነበር። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላም በግድግዳው በኩል እሰማቸዋለሁ። እሰማለሁ፤ ዝም እላለሁ።

በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ነበር። «ስግደቱ ይደርሳል» አሉኝ። «መጀመሪያ ከሴትዮዋ ላይ ሸክሟን አውርጂ። የተሸከመችው ያንቺን ነው።»

በአርባቸው ዋዜማ እትዬ ጋ ገባሁ። ተንበርክኬ ስለ ፍሬኑም፣ ስለ ጣቶቼም፣ መካኒኩ ስላለኝም ነገርኳቸው።

«ሲወጣ ምን አልሽው?»

«በደንብ ይቆልፉት አልኳቸው።»

«ሳይክሉን?»

«አዎ እትዬ።»

ከትራሳቸው ሥር መሐረብ አውጥተው ፈቱት። ውስጡ የእኔ ቁልፍ ነበር። ሆስፒታል ከጋሽ ንጉሤ ኪስ አውጥተው ሰጥተዋቸው ኖሯል።

«የምን እንደሆነ ጠፍቶኝ ያለንን ሳጥን ሁሉ ሞከርኩበት» አሉ። «የደበቀኝ ነገር አለ ብዬ ጠረጠርኩት። ሬሳውን ጠረጠርኩት!»

ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «ለእኔ ነግረሽኛል። ነገ ሰው ሲሰበሰብ ደግሞ ለእነሱ ትነግሪያለሽ። ንጉሤን ሲስቁበት ሰምቻለሁ።»

በማግስቱ ካህናቱ ጸሎቱን ሲጨርሱ ተነስቼ ቆምኩ። ሰው ሁሉ አየኝ። «ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን» ብዬ ተቀመጥኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ዓይኔን አይተውት አያውቁም።

ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ለልማት ፈረሰ። እትዬ ጎተራ ዘመዳቸው ጋ ገቡ። ራሳቸውን መክሰስ እንደተዉ ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቁልፉ ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሳይክሉን ግን ወዲያው ለመካኒኩ መልሼ አስፈትቼዋለሁ፤ ለማንም እንዳይሸጠው አስምዬ።

ያኔ ቆሜ ያቃተኝን እዚህ ልበለው። ጋሽ ንጉሤ አልጃጁም። ቀኙን የያዙት ሳይክል የሚያውቅ ሰው እንደሚይዘው ነው። ፍሬኑን ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ ያልነገርኳቸውም እኔ ነኝ።

ይህ ጽሑፍ ከወጣ ለእትዬ ወርቅነሽ በሰው እልክላቸዋለሁ። ዓይናቸው ደክሟልና ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ሰው አያጡም።