ከነጥቡ ሥር

ሱቄ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ነው፤ በመሃላችን ያለው አንድ አስፋልት ብቻ ነው። ስልክ እጠግናለሁ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ ውሃ የገባበትን አደርቃለሁ፣ የተቆለፈ እከፍታለሁ። ከደንበኞቼ ግማሾቹ አስታማሚዎች ናቸው። ሰው ልቡ ሲሸበር መጀመሪያ ከእጁ የሚያመልጠው ስልኩ ነው፤ እኔም የምኖረው በዚያ ነው። ለዚህ ይሆናል፣ ሰው አጠገቤ ቆሞ ሲያለቅስ ዓይኔን ከሥራዬ ሳላነሣ መስማት የለመድኩት። ጥሩ ልማድ አይደለም፣ አውቃለሁ።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ አራሚው ነው። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው፤ እኔ ፊት ለፊታቸው "ጋሼ" እላቸዋለሁ። ማተሚያ ቤት አርባ ዓመት ሠርተዋል። መጀመሪያ ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ የእርሳስ ፊደል ከሣጥን አንድ በአንድ እየለቀሙ መስመር ያስይዛሉ። የእርሳስ ዘመን ሲያልፍ አራሚ ሆኑ። ከመታተሙ በፊት ረቂቁን ያነባሉ፣ ስህተቱን በቀይ ይከባሉ፣ ሲጨርሱ ከታች ይፈርማሉ። በዚያ ቤት የፈረመ ይጠየቃል። ለቃሚው ቢሳሳት፣ ደራሲው ቢሳሳት፣ ከፊርማው በኋላ ጥፋቱ የአራሚው ነው።

ጡረታ ወጥተውም አመሉ አልለቀቃቸውም። የመንገድ ማስታወቂያ ያርማሉ፣ የመድኃኒት ካርቶን ያርማሉ። "ጋሼ፣ እርስዎ ገነት ቢገቡ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳያርሙ አያልፉም" ብዬ ስቀልድባቸው፣ "በትክክል ከተጻፈ ምን ቸገረኝ፣ አልፋለሁ" ይሉኝ ነበር።

በመጨረሻ ግን ዓይናቸው ከዳቸው። የዓይን ግፊት ነው አላቸው ሐኪሙ። "ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ብለው መማል ይወዱ ነበርና፣ "ይህን መሐላ ትቼዋለሁ፤ ሰሚ አግኝቷል መሰለኝ" አሉኝ አንድ ቀን።

ስልካቸውን ይዘው የመጡት ባለቤታቸው ሆስፒታል በገቡ ሰሞን ነው። ጠባብ፣ አሮጌ ስልክ ናት።

"ልጄ፣ እስቲ ይቺን ተመልከታት።"

"ምን ሆነች ጋሼ?"

"እሷ ደህና ናት፤ የተበላሸሁት እኔ ነኝ። ፊደሉን የጎረቤት ልጅ ትልቅ አደረገልኝ። እነዚህ ከላይ የተደረደሩት ግን አሁንም ጉንዳን ናቸው።"

ከላይ የተደረደሩት የሚሉት ምልክቶቹን ነው፤ ባትሪውን፣ ኔትወርኩን፣ ድምፅ ሲዘጋ የሚመጣውን የተሰረዘ ደወል። ባለቤታቸው የተኙበት ክፍል በር ላይ አንዲት ሲስተር ትቆማለች። ስልኩን ሳይለንት ያላደረገ ሰው አታስገባም። ጋሼ ዘግተው ይገባሉ፤ ሲወጡ መክፈታቸውንና አለመክፈታቸውን ግን ማየት አይችሉም። በዚያው ሳምንት ስልኩ ሳይከፈት ውሎ፣ አስቸኳይ መድኃኒት ግዙ ተብሎ ሲደወልላቸው አልሰሙም። ባለቤታቸው ግማሽ ቀን በሕመም ተቃጠሉ።

"መድኃኒቱስ ተገኘ" አሉኝ። "ሳምንት ግን ቀዶ ጥገና አላት። እናቷ ሆስፒታል ውስጥ ብቻዋን ነው ያለፈችው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ግቢ ተቀምጦ እየጠበቀ። እኔን እንዲህ እንዳታደርገኝ አለችኝ። ስትነቂ መጀመሪያ የምታዪው የእኔን ፊት ነው አልኳት። የማያይ ሰው የገባውን ቃል አየኸው?"

ፊደል ማተለቅ ማንም ይችላል፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መጎተት ነው። የላይኛው መስመር ላይ ያሉት ምልክቶች ግን በእሱ አይነኩም፤ ስልኩን የሠራው ሰው ዓይኑ ደህና ነበር። ለዚህ የሚሆን አንድ አፕ አውቃለሁ። ጫንኩላቸው፤ የምልክቶቹን መጠን እስከ መጨረሻው ጎተትኩት። ባትሪው ወፈረ፣ ኔትወርኩ ወፈረ፣ የተሰረዘው ደወል የአውራ ጣት ጥፍር አከለ። ጋሼ ስልኩን ይዘው ድምፁን ይዘጋሉ፣ ደወሉ ይመጣል፤ ይከፍታሉ፣ ይሄዳል። አሥር ጊዜ ያህል ሞከሩት።

"ደወል ካለ ዝግ፣ ደወል ከሌለ ክፍት" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ይታተም። በእኛ ቤት ቢሆን አስፈርምህ ነበር" አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርዓት ያዙ። ጠዋት ባለቤታቸውን ጠይቀው ሲወጡ ዘበኛው ሰውን ሁሉ ከግቢ ያስወጣል፤ እሳቸው አስፋልቱን ተሻግረው በርጩማዬ ላይ ይቀመጣሉ። ስልኩን ያወጣሉ፣ ደወሉን ያያሉ፣ ድምፁን ይከፍታሉ፣ ደወሉ ሲሄድ ስልኩን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። አንድም ቀን አልተሳሳቱም።

ቀዶ ጥገናው በተደረገ ማግስት ጠዋት ወደ ሱቄ ሲገቡ እርምጃቸው ሌላ ነበር።

"ማደንዘዣውን ዛሬ ይቀንሱላታል" አሉኝ። "ረፋድ ላይ ትነቃ ይሆናል አለችኝ ሲስተሯ። ከበሩ አይራቁ፣ እደውላለሁ፣ ሲደወል በቀጥታ ይግቡ ብላኛለች።"

እጃቸው ላይ ፌስታል ነበር፤ የባለቤታቸው ዕቃ ነው። ከውስጡ ስክሪኑ የሞተ ስልክ አወጡ። "ዘመዶቿ የሚደውሉት በሷ ቁጥር ነው። ካርዷን አውጥተህ ከኔ ጋር አድርግልኝ።"

እኔ በዚያ ሰዓት የአንድ ሹፌር ስልክ ከፍቼ ነበር። ሰውየው መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞ ከኋላው ጥሩንባ ይነፋበታል፤ እሱ በተራው እኔ ላይ ይነፋል። የጋሼን ስልክ ተቀብዬ አጠፋሁ፣ የባለቤታቸውን ሲም ካርድ ሁለተኛው ቦታ ላይ ከተትኩ፣ አበራሁ፣ መለስኩላቸው። ከዚያ አቀርቅሬ ወደ ሹፌሩ ስክሪን ተመለስኩ።

ጋሼ ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉ። "ኔትወርኩ ሁለት ሆነ። የኔና የሷ" አሉ። ደስ እንዳላቸው ድምፃቸው ያስታውቃል። "ደወሉ የለም፤ ተከፍቷል ማለት ነው።" ስልኩን ዘንበል አደረጉና፣ "ልጄ፣ ይቺ ነጥብ ምንድን ናት?"

"የቷ?"

"ከጎን ያለችው። ትናንት አልነበረችም።"

"ምንም አይደለችም ጋሼ። ቦታ ሲጠብ የምትመጣ ነገር ናት፤ ይተዋት።"

"በእኛ ቤት ነጥብ ያለ ምክንያት አይቀመጥም።"

"እዚህ ይቀመጣል" አልኳቸው።

ሹፌሩ ሳቀ። ጋሼም ሳቁና ስልኩን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ነገሩን አሁኑኑ ልናገር፣ ሳልደብቅ። ምልክት ሲተልቅ ቦታ ይበላል። መስመሩ ጠባብ ነው፤ ሁለተኛ ኔትወርክ ሲገባ ከዳር ያለው ይገፋል። የተገፋው አይጠፋም፤ ነጥብ ሥር ይታጠፋል። ከዳር የነበረው ደወሉ ነው። ጋሼ ከሆስፒታሉ ሲወጡ ስልኩን እንደዘጉት ነበር፤ ከመክፈታቸው በፊት ነው ለእኔ የሰጡኝ። ስልክ ጠፍቶ ሲበራ ሳይለንቱን አይረሳም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ሙያዬ ነው፣ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። አንድ ጊዜ ቀና ብዬ ብቻ አላየሁም።

ሹፌሩ ሄደ። ጋሼ መቀመጥ አቃታቸው። በየሁለት ደቂቃው ስልኩን ያወጣሉ፣ ያዩታል፣ ይከታሉ። ባትሪ ሙሉ፣ ኔትወርክ ሙሉ፣ ደወል የለም። እንዲህ ሲጨነቁ ዝም ብሎ ማየት ከበደኝና ላሳርፋቸው ብዬ አንድ መላ ዘየድኩ። አዲስ የሱቅ ማስታወቂያ ላሠራ አስቤ ረቂቁን በወረቀት ጽፌ ነበር። "ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ፤ ሠዓሊው ነገ ይወስደዋል" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። አጉሊ መነጽራቸውን አወጡ፣ ቀይ እስክሪብቷቸውን አወጡ፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ስድስት መስመር ነው፤ እሳቸው ግን እንደ መጽሐፍ ያዙት። ሁለት ስህተት አገኙ። ከዚያ ሦስተኛ። "አንተ ልጅ፣ ስልክ ነው የምትጠግነው ወይስ ቋንቋ ነው የምትሰብረው?" አሉኝ።

ስለ ባለቤታቸውም ያጫወቱኝ ያን ጊዜ ነው። እትዬ በዚያው ማተሚያ ቤት ጥራዝ ክፍል ነበሩ፤ ጋሼ ያረሙትን እሳቸው አጥፈው ይሰፋሉ። አንድ ቀን ጋሼ ፈርመው ያሳለፉት ገጽ ላይ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ታትሞ እትዬ እያጠፉ አዩት። ለአለቃ ቢነግሩ ጋሼ ከሥራ ይባረራሉ። ወረቀቱን ሽርጣቸው ሥር ደብቀው እስከ አራሚው ጠረጴዛ ድረስ መጡና ምንም ሳይናገሩ አስቀምጠውላቸው ሄዱ። ያ ገጽ ቶሎ ተለውጦ ማንም ሳያውቅ ቀረ።

"በሕይወቴ አንድ ስህተት አሳልፌያለሁ" አሉኝ ጋሼ። "እሱንም እሷ መለሰችልኝ። ሌላ ምን ላድርግ፣ አገባኋት።"

እኔ ስቄ ብየዳዬን ቀጠልኩ። በእኔና በደረት ኪሳቸው መካከል አንድ ክንድ አይሆንም ነበር። ስልኩ ሦስት ጊዜ የተደወለው በዚያ መካከል ነው። ድምፅ የለም፣ ንዝረት የለም።

ጨርሰው ከወረቀቱ ግርጌ ፈረሙ። ከዚያ ስልኩን አወጡ። ፊደሉ ትልቅ ነውና ራሳቸው አነበቡት፤ ሦስት ያመለጡ ጥሪዎች። ወደ እኔ አላዩም። ተነሡና ወጡ። አጉሊ መነጽራቸው ከጉልበታቸው ወድቆ ተንከባለለ። አስፋልቱን ግራና ቀኝ ሳያዩ ሲሻገሩ አንድ ባለመኪና ፍሬን ይዞ አፉን ከፈተባቸው፤ አልሰሙም። ሱቄን ክፍት ትቼ ተከተልኳቸው።

ሲስተሯ በሩ ላይ ነበረች። በዚያ ቀን ስልክ ዝጉ አላለችም።

እኛ ሳንደርስ እትዬ ነቅተው ነበር። አፋቸው ላይ ቱቦ ስለነበረ መናገር አልቻሉም፤ ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለው ቀሩ። ሲስተሯ ደወለች፣ ደግማ ደወለች፣ ሠለሰች። "እየመጡ ነው አልናቸው" አለች። "እጃቸውን ይዤ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል በሩን አዩ። ከዚያ ደም ግፊታቸው ወረደ፤ ያለንን ሁሉ አደረግን።" ጋሼ አልጋው ግርጌ ቆመው አንሶላውን በእጃቸው እየዳበሱ የእትዬን እግር አገኙ። "ገና ትሞቃለች" አሉ። ያን ቃል ከጆሮዬ የሚያወጣልኝ አላገኘሁም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሱቄ መጡ። ጢማቸው አድጓል፣ ሸሚዛቸው የተቆለፈው አንድ ቁልፍ ተዘሎ ነው። በርጩማው ላይ ተቀመጡና ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አደረጉ።

"ከነጥቡ ሥር ምን ነበር?"

መዋሸት እችል ነበር። ስልኩ አሮጌ ነው፣ ኔትወርኩ ነው ማለት እችል ነበር። አልዋሸሁም፤ ጀግንነት አይደለም፣ ዓይናቸውን ፈርቼ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ ራሳቸውን በቀስታ ይነቀንቁ ነበር፤ ስህተት የተነበበላቸው አራሚ ሆነው።

"ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ" አልኩ። "ጠየቁኝ፣ ቀና ብዬ ማየት ነበረብኝ።"

"አይደለም። ለቃሚ ይሳሳታል፤ ለዚህ ነው አራሚ የሚቀጠረው። ነጥቧን አይቻለሁ። አይቼ አሳለፍኩ።"

"እኔ ነኝ ምንም አይደለችም ያልኩዎት።"

"ለቃሚው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው" አሉ።

ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ሙያው አልቀናኝ፣ ጥፋቴን እንኳ ወሰዱብኝ። እጄ ሥራ ሲያጣ ስልኩን አነሣሁ። "የእትዬን ሲም ካርድ ካወጣነው ደወሉ ቦታውን ያገኛል፤ እንደ በፊቱ በደንብ ይታይዎታል" አልኳቸው።

"አታውጣት።"

"እንግዲያው ምልክቶቹን ማሳነስ ነው ያለው፤ ሁሉም እንዲገቡ። ያን ጊዜ ደግሞ አይታዩዎትም።"

"አሳንሰው።"

አሳነስኩት። ነጥቧ ሄደች። ሁለቱ ኔትወርኮች ጎን ለጎን፣ ባትሪው፣ ሁሉም እንደ ድሮው ጉንዳን ሆኑ። ጋሼ ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉ፣ ራቅ አደረጉ፣ መልሰው አስጠጉ። "ሁለቱም አሉ?" አሉኝ። አሉ አልኳቸው። ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና በግድግዳው እየተደገፉ ወጡ። በዚያ ስልክ ከእንግዲህ ማን እንደሚደውልላቸው አላውቅም፤ ልጅ የላቸውም።

አዲሱ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ አንድም ስህተት የለበትም፤ ረቂቁን ፊርማቸው እንዳለበት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አሁን ደንበኛ ስልኩን ዘርግቶ "ይቺ ነጥብ ምንድን ናት?" ሲለኝ የያዝኩትን አስቀምጬ፣ ቀና ብዬ፣ ከሥሯ ያለውን አንድ በአንድ አሳየዋለሁ። የሚቸኩል ሹፌር ቢኖርም ይጠብቃል። ጋሼ ሲጠይቁኝ ግን አላስጠበቅሁትም።