ሽታ የሌለው ኩሬና የታንጉት ተዝካር

ከዳባት ተወጥቶ ደባርቅ ከመደረሱ በፊት አስታ በር የምትባል ከተማ አለች። ሾፌሩ ካስነጠሰ ሳያያት ያልፋል። ከተማ መሆኗ የሚታወቀው ማዘጋጃ ቤት ስላላት ነው። ሆኖም እግዜር ማንንም ባዶ እጁን አይሰድምና ለአስታ በርም አንድ ጸጋ ሰጥቷታል፦ በጠዋት ከጎንደር የተነሳ ቱሪስት ፊኛው የሚሞላው ልክ እሷ ጋ ሲደርስ ነው። ቱሪስቱ ቁርሱን ጎንደር ይበላል፤ በቅሎና አስጎብኚ ደባርቅ ላይ ይከራያል፤ ገንዘቡንም እዚያው ያራግፋል። አስታ በር ላይ የሚያራግፈው ሌላ ነው።

የከተማዋ ምክር ቤት ይህን ሀብት ሜዳ ላይ አናስቀረውም ብሎ መንገድ ዳር ባለ ብዙ በር መጸዳጃ ቤት አሠራ። ወረድ ብሎ ደግሞ ፍሳሹ ተጠራቅሞ የሚጣራበት ኩሬ አስቆፈረ። ኩሬው ያረፈው በታንጉት ማሳ ላይ ነው።

ታንጉት ስሜን ውስጥ አምቢኮ በምትባል መንደር ተወልዳ፣ በልጅነቷ ለአሻግሬ ተድራ አስታ በር የገባች ሴት ናት። አሻግሬ ለስሜን ተራራ ጎብኚዎች በቅሎ የሚያከራይ፣ ከሰው ይልቅ ከበቅሎ ጋር የሚግባባ ዝምተኛ ሰው ነበር። አንድ ክረምት ሳል ያዘው። ጠበል ገባ፤ አልሆነም። ጤና ጣቢያ ገባ፤ አልሆነም። መጨረሻ መሬት ገባ። ለሚስቱ የተወላት ሁለት በቅሎ፣ አንድ የነጭ ሽንኩርት ማሳና ያንን ዝምታውን ነው። በቅሎዎቹን ሸጠቻቸው፤ ማሳውን ያዘችው፤ ዝምታውን ግን የት እንዳደረገችው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ኩሬው ሲቆፈር የማሳዋ ግማሽ ሄደ። ምትክ መሬት ይሰጥሻል ተባለች። ማዘጋጃ ቤት ብቅ ባለች ቁጥር፣ "ምትኬስ?" ትላለች፤ "እየመጣ ነው" ይሏታል። ከየት አገር ተነስቶ እንደሚመጣ እንጃ፤ መንገዱ ረጅም መሆን አለበት። እሷም በቀረው ግማሽ ሽንኩርቷን እየተከለች ልጇን እሌኒን ጎንደር ኮሌጅ አስገባች። ጓሮ እንዳላት የቀኑባት ሴቶች፣ "የታንጉት ሽንኩርት እንዲህ የወፈረው ማዳበሪያውን ፈረንጅ ስለሚያመጣላት ነው" ይሏታል። እሷም፣ "እናንተም ጠይቁ፤ እነሱ አይነፍጉም" ትላቸዋለች።

ለቀለብ ደግሞ ጠላ ትሸጣለች። ጠላዋ ደህና ስለሆነ የምክር ቤቱ ስብሰባ የሚጀመረው ማዘጋጃ ቤት ቢሆንም የሚያልቀው እሷ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የፕሬዚዳንት ፎቶ ቢሰቀልለት ኖሮ ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤት ይባል ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ኩሬው ሞላ። ቱሪስቱ በዝቷል፤ ለስብሰባ የሚመጣው የዞን ሰው ደግሞ ከቱሪስቱም በዝቷል። ኩሬው ይስፋ ተብሎ በጀት መጣ፤ ጨረታ ወጣ። ለመጨረሻው ዙር ሁለት ተቋራጮች ቀረቡ። የጎንደሩ፣ ኩሬውን ወደ ታች፣ በታንጉት ሽንኩርት ላይ ላስፋው አለ። የባሕር ዳሩ ደግሞ ወደ ላይ፣ በባዶው ሜዳ ላይ ይሻላል አለ። ሜዳው ባዶ መሆኑ እውነት ነው፤ ሣርና ችካል ብቻ ነው ያለበት። ችካሉ ግን የምክር ቤቱ ሰዎች የቤት መሥሪያ ብለው በማኅበር ከተከፋፈሉት ቦታ ድንበር ላይ የተተከለ ነው። የባሕር ዳሩ ሰው እንግዳ ስለሆነ አላወቀም። ችካል አይናገርም።

ገምጋሚው ኮሚቴ ምስጢር ነው ብሎ የታንጉትን ጓዳ ዘግቶ ተቀመጠ። ከንቲባው ሀብተ ሚካኤል በላይ በኩል፣ የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ አንዱዓለም ደግሞ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በታች በኩል። አንዱዓለም ከዩኒቨርሲቲ የወጣው በቅርቡ ስለሆነ እንግሊዝኛው ገና አልበረደለትም። ጠላው ከፍ ሲል ድምፃቸውም ከፍ ይላል፤ ቀጂዋም ታንጉት ናት።

"ለላይኛው፣ ማኅበራዊ ተፅዕኖ በሚለው ክራይቴሪያ ዜሮ ነው የምንሰጠው" አለ አንዱዓለም።

"ለምን ተባልን እንደሆነስ?" አለ ከንቲባው።

"ለወደፊት መኖሪያ መንደር ይቀርባል። ሽታ ወደ ነዋሪው ይሄዳል።"

"ለታችኛውስ?"

"ለታችኛው ሙሉ። ሽታ የለውም ብለን ሪፖርት አድርገናል እኮ፣ ክቡር ከንቲባ።"

ሪፖርቱ እንደዚያ ነው የሚለው። ኮሚቴው የመስክ ምልከታ አድርጓል፤ መኪናዋ መስኮቷን እንደዘጋች ኩሬውን አንድ ጊዜ ዞራው ተመልሳለች። መስኮቱ ተዘግቶ ስለነበር ሽታ የለም ማለታቸው ውሸት አይደለም።

ታንጉት ጣሳውን እየሞላች፣ "ወደ ታች ሲባል፣ የኔን ሽንኩርት ነው?" አለች።

ከንቲባው ጉሮሮውን ጠረገ። "ልማት ነው እትዬ ታንጉት። ምትክ ይሰጥዎታል።"

"የፊተኛው ምትክ መንገድ ላይ ነው አይደል? ይኼኛው ቢደርስበት ጓደኛ ይሆነው ነበር።"

ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። የምክር ቤቱ ጉባኤ ሰኞ ውሳኔውን እንደሚያጸድቅም እዚያው ሰማች። ከሰኞ በኋላ የቀረው ማሳም ይሄዳል፤ ከማሳው ጋር የእሌኒ ኮሌጅ ይሄዳል።

ከዚያ ሰኞ በፊት ባለው እሑድ የአሻግሬ ሰባት ዓመት ተዝካር ነበር። ስትጥር የከረመችለት ነው፤ በሬውም ገብሱም ተሰናድቷል። አዲስ የሆነው ዳሱ የሚጣልበት ቦታ ነው። ሽንኩርቱ ተነቅሎ ማሳው ባዶ ነበርና፣ "ግቢዬ ጠባብ ነው፤ ዳሱን እዚያ ጣሉልኝ" አለች። ገዱ የሚባለው፣ ባሏ በሕይወት ሳለ ጓደኛው የነበረ፣ በምክር ቤቱ የቀበሌው ተወካይ፣ "ታንጉት፣ ከኩሬው አፍ ላይ?" ብሎ ቢጠይቃት፣ "አሻግሬ ማሳውን ይወድ ነበር" አለችው። ሙት ከተጠቀሰ በኋላ ማን ይከራከራል።

ምክር ቤቱ በሙሉ ተጠራ። ግንቦት ነው፤ ፀሐዩ ኩሬውን አብስሎታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ከኩሬው ተነስቶ ወደ ዳሱ ነው። ሠርግ ቢሆን ሰበብ ፈጥሮ ይወጣል፤ ከተዝካር ግን ምርቃት ሳይሰማ የተነሳ ሰው ሟቹን እንደናቀ ነው የሚቆጠረው። አፍንጫ መያዝማ ከነአካቴው የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ሹማምንቱ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው አንገታቸውን ደፉ። የከንቲባው ዓይን እንባ አቀረረ። ከዳሱ ጥግ አንዲት ባልቴት አይታው፣ "አየሽ፣ አሻግሬን እንዲህ ይወዱት ኖሯል" አለች ለጎረቤቷ።

አንዱዓለም እንጀራውን እያገላበጠ አንድም አልጎረሰም።

"ምነው ልጄ፣ ምግቡ አልተስማማህም?" አለችው ታንጉት።

"ጨጓራ አለብኝ፣ እትዬ።"

"ምስኪን። በቀደም ጠላ ስትጠጣ ደህና ነበር።"

ቀጥላ ወደ ከንቲባው ጠጋ ብላ፣ ዳሱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ "ክቡር ከንቲባ፣ ቦታውን ይቅር ይበሉኝ። የኩሬው ሽታ ረበሸዎት ይሆን?" አለችው።

አሁን ከንቲባው ምን ይበል? ይሸታል ቢል ደጋሿን በድግሷ ላይ ማዋረድ ነው፤ ያሳደገችው እናት ከመቃብር ብድግ ትላለች። ይሸታል ቢል ደግሞ ነገ የሚጸድቀው ሪፖርትስ? ጋቢውን ትንሽ ዝቅ አደረገ።

"ኧረ ምን ሽታ፤ ምንም የለም እትዬ ታንጉት።"

"እፎይ። እኔማ ሠግቼ ነበር።" ዞር ብላ የደብሩን መሪጌታ፣ ወልደ ሩፋኤልን አየቻቸው። "ሰሙልኝ አባቴ፣ ምንም አይሸትም አሉ።"

"ሰማሁ ልጄ" አሉ መሪጌታ፤ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። አንዳንዱ፣ ነገሩ ለመሪጌታ የመጣላቸው እዚያው ዳሱ ውስጥ ነው ይላል። ዓርብ ዕለት ከታንጉት ቤት ወደ መሪጌታ ቤት ሲሄድ የታየው እንስራ ግን የያዘው ጠበል አልነበረም።

ምርቃት በኛ አገር እንደ እህል ውቂያ ነው፤ ባራኪው ይላል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ አንዴ ከተጀመረ ምላስ በራሱ ይሄዳል። ሹማምንት ደግሞ ከሕዝብ ጋር መሆናቸው እንዲታይ አሜኑን ከሁሉ በላይ ነው የሚሉት።

"የሟቹን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅ፣ ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።"

"አሜን።"

"የደጋሿን ቤት የተመላ፣ እጇን የተባረከ ያድርግልን።"

"አሜን።"

"ዝናሙን ዝናመ በረከት፣ ምድሩን ምድረ ፍሥሐ ያድርግልን።"

"አሜን።"

"ይህን ሽታ የሌለውን ኩሬ ከሹሞቻችን ደጅ ያኑርልን።"

"አሜን" አለ ዳሱ። ከንቲባውም አለ፤ ድምፁ ከሁሉ ልቆ ተሰማ። ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ጆሮው የደረሰበት። ባልቴቲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀጠቀች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

መሪጌታ ግንባራቸውን ሳይፈቱ፣ "ያልነውን ያጽናልን፤ አሜን ብሎ የካደውን ግን እሱ ይወቀው" ብለው ቁጭ አሉ። በዚህኛው አሜን ላይ የሹማምንቱ ድምፅ አልነበረበትም። የሕዝቡ በቃው።

በማግስቱ ጉባኤው ተሰበሰበ። አንዱዓለም ውጤቱን ሊያነብ ሲነሣ ገዱ እጁን አወጣ።

"የትናንቱ ምርቃትስ?"

"ምርቃት በጨረታው ቢድ ዶክመንት ውስጥ የለም" አለ አንዱዓለም።

"ዶክመንቱን ማን አሜን አለው? ያንን ግን እናንተ ናችሁ አሜን ያላችሁት። በተዝካር፣ በመሪጌታ ፊት።"

ከንቲባውን ሌሊቱን ሚስቱ አላስተኛችውም፤ አሜን ብለህ ክደህ በልጆቼ ላይ መቅሠፍት እንዳታመጣ ስትለው ነው ያደረችው። ሌሎቹም ሚስት አላቸው። በስሜን ግርጌ መቶ ነጥብ የሰጠ ኮሚቴ አንድ አሜንን አይረታም። ማኅበራዊ ተፅዕኖ እንደገና ተሰላና ዜሮው ሙሉ ሆነ፤ ጨረታው ለባሕር ዳሩ ሰው ተሰጠ። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ ኮሚቴው እሑድ ዕለት በአካል ተገኝቶ ባደረገው ሰፊ የመስክ ምልከታ ኩሬው ሽታ የሌለው መሆኑን ስላረጋገጠ፣ ወደ ላይ ቢሰፋ ለነዋሪው ችግር አያመጣም። የእሑዱ የመስክ አበልም ወጣ። የአሻግሬን ንፍሮ ቆርጥመው አበል የበሉበት ተዝካር ከዚያ በፊት ተሰምቶ አይታወቅም።

የባሕር ዳሩ ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ ቆፈረ። የማኅበሩ መሬት ግማሹ ኩሬ ሆነ። ለተነሱት ባለ ችካሎች ምትክ ይሰጣቸዋል ተብሏል፤ እየመጣ ነው። የከንቲባው ድርሻ ግን ከዳር ስለነበር ተረፈ። መሬት መሬት ነውና ቤቱን ሠራበት፤ ሳሎኑ በትልቅ መስኮት ቀጥታ ኩሬውን ያያል።

ቤቱ ሲመረቅ ታንጉት ተጠርታ ሄደች። አንድ ቁና ሽንኩርት አሸክማ ነው የሄደችው፤ የዚያው የማሳዋ ምርት፣ የልጅ ጡጫ የሚያክል። እሌኒ በዚያ ዓመት ተመርቃ ዳባት አስተማሪ ሆናለች። ሳሎኑ በሰው ጢም ብሏል፤ ሙቀቱ ሌላ፤ መስኮቱ ግን ግጥም ተደርጎ ተዘግቷል። ታንጉት ጥቂት አራገበችና፣ "ክቡር ከንቲባ፣ መስኮቱ ምነው?" አለች።

"ነፋስ ነው፣ እትዬ ታንጉት" አለ ከንቲባው ቶሎ ብሎ። "ነፋሱ ነው እንጂ።"

"ነፋስ ምን ያደርጋል፤ ሽታ የለው" አለችና ተነሥታ ከፈተችው።

ኩሬው ገባ። ከንቲባው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ሳበና አንገቱን ደፋ። ያቺ ባልቴት ከበሩ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ጎረቤቷን በክርኗ ጎሰም አደረገቻት።

"አየሽ? አሻግሬን እስከ ዛሬ አልረሱትም።"