ባዶው ቀፎ በቦታው ይቆይ

ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ጥሩሐረግ ገብረ አምላክ ከምትማርበት ከሶፊያ ለክረምት ዕረፍት ሰቆጣ ስትገባ በሻንጣዋ ለዘመድ ስጦታ፣ በልቧ ያልተፈታ ጭንቀት ይዛ ነበር። የተሰጣት የመመረቂያ ሥራ በሽቦ ተያይዘው እንደ አንድ ከሚሠሩ ኮምፒዩተሮች በአንደኛው ላይ በሥራ ላይ ያለን ፕሮግራም፣ ሥራው ሳይቋረጥ፣ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። ፕሮግራሙን ከነስሌቱ አንሥታ ማስቀመጡ ተሳክቶላታል። ነገር ግን በአዲሱ ቦታ ጥቂት እንደ ሠራ ቀጥ ይላል። ፕሮፌሰሯ በመጸው ፈተና ካልሠራ ያለ ዲግሪ አገሯ እንደምትገባ ነግረዋታል፤ እሳቸው ደግሞ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም።

አባቷ አቶ ገብረ አምላክ ንብ አርቢ ናቸው። ለለቅሶ ወደ ደሃና በሄዱበት ሰሞን ዝናቡ አንዱ ቀፎ የተጠጋበትን የጓሮ ግድግዳ አርሶ ሊንደው ደረሰ። ጥሩሐረግ ሰው እስኪመጣ የምትጠብቅ አልነበረችም። ረፋድ ላይ ጢስ አጢሳ ቀፎውን ከነንቡ ተሸከመችና ከግቢው ታች ጫፍ፣ ከወይራው ሥር አኖረችው። የቀድሞውን ቦታም ምልክት እስከማይቀር ጠርጋ አጸዳች።

ከቀትር በኋላ፣ የሱቃቸው ጀርባ ከዚያው ግድግዳ ጋር የሚገናኘው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሐሊሜ ሻሻቸውን እያራገቡ ደረሱ።

«አንቺ! የፈረንጅ አገር ትምህርት ንቡን ስኳር ላይ ልቀቂው ይላል እንዴ?»

«ምን ሆኑ፣ እትዬ ሐሊሜ?»

«ምን ልሁን? ስኳሬን ከበውታል፣ ገበያተኛው ሸሽቷል፣ እኔም ከገዛ ሱቄ ተባረርኩ!»

ጥሩሐረግ ሮጣ ወጣች። ጠዋት ለአበባ የወጡት ንቦች ተመልሰው ባዶውን ቦታ ይዞሩታል፤ የደከማቸው በሱቁ መስኮት ይገባሉ። አባቷ አመሻሽ ላይ ደርሰው ነገሩን ሰሙ።

«ቀፎውን ስታነሺ ንቡ ሁሉ ቤት ነበረ?»

«የነበሩትን ወሰድኩ፣ አባዬ።»

«የወጡትስ? እነሱ የሚያውቁት ይህን ቦታ ነው። ቤታቸውን ወስደሽ ደጃቸውን ጠረግሽ፤ የት እንደ ሄደ ማን ይንገራቸው?» ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። «ማሩ ሲቆረጥ እክስሻለሁ፣ እኅቴ።»

«እስከዚያ ድረስ ንብ የቀመሰው ስኳር እያልኩ ልሽጥ?»

አቶ ገብረ አምላክ እየሳቁ ባዶ ቀፎ በሰም አሽተው በአሮጌው ቦታ አኖሩ። ንቦቹን በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ እያባበሉ ጠበቁ። የባዘኑት ገብተው ሲሰበሰቡ አፉን ዘግተው ወደ ወይራው ወሰዷቸውና ከወገኖቻቸው ቀላቀሏቸው።

«ነገም የሚሳሳት አይጠፋም» አሉ፣ ባዶውን ቀፎ ወደ አሮጌው ቦታ እየመለሱ። «አዲሱን መንገድ ሁሉም እስኪለምዱት ባዶው በቦታው ይቆያል፤ ከዚያ ይነሣል።»

ጥሩሐረግ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። የእሷም ፕሮግራም ከሌሎች ፕሮግራሞች መልስ እየጠበቀ ነበር የሚሠራው። መልሱ ግን ላኪዎቹ በሚያውቁት አድራሻ፣ በአሮጌው ኮምፒዩተር ይደርሳል፤ እዚያ ደግሞ እሷ ሁሉን ጠርጋ አጽድታለች። ፕሮግራሙ አልሞተም፤ የማይመጣ መልስ እየጠበቀ ነው!

ሶፊያ እንደ ተመለሰች በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ተወች። የዚህችም ፕሮግራም ሥራ ዘግይቶ የደረሰውን መልእክት ተቀብላ ወደ አዲሱ ቦታ ማሳለፍ፣ ለላኪውም አዲሱን አድራሻ ማስታወቅ ነበር።

በፈተናው ዕለት ስሌቱ ከመካከል ሳይደርስ ፕሮግራሙን አዛወረችው። በማያ ገጹ ላይ ቁጥሮቹ ይፈሳሉ፤ ቀድሞ ቀጥ ይል የነበረበትንም አለፉ። ፕሮፌሰሩ ግን አልረኩም፤ ተነሥተው የአሮጌውን ኮምፒዩተር ማጥፊያ ያዙ።

«ላጥፋው?»

ጥሩሐረግ ማያ ገጹን ተመለከተች። በአሮጌው አድራሻ የሚመጣ መልእክት ነጥፏል።

«አሁን ያጥፉት።»

አጠፉት። ስሌቱ ሳይደናቀፍ ሄዶ ትክክለኛውን ውጤት አወጣ። ጭብጨባውን የጀመሩት ራሳቸው ፕሮፌሰሩ ነበሩ።

ዲግሪዋን ይዛ ከወልዲያ በጭነት መኪና ሰቆጣ ስትገባ ወይዘሮ ሐሊሜ ከሱቃቸው ደጃፍ እልልታውን አቀለጡት፤ ከዚያም «ስኳሬን እሸፍን ወይስ ይቅር?» ብለው ሰፈሩን አሳቁት። አባቷ አቅፈው ሳሟት፤ ወዲያው ግን የሚያሳስባቸውን ጠየቁ።

«ባዶውንስ አስቀመጥሽ?»

«አስቀምጬ፣ ሁሉም መንገዱን ሲለምድ አነሣሁት፣ አባዬ።»

«እንግዲያ አወቅሽበት» አሉ፤ ሻንጣዋንም ራሳቸው ተሸከሙ።