የጠቆረው ገጽ

ልጅ ሳለሁ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ፣ ዓርብ ዓርብ እናቴ ትምህርት ቤት በር ላይ ትጠብቀኝና ከምንኖርበት ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚባል ከተማ በባቡር እንሄድ ነበር። እዚያ እማማ ሪቭካ የሚባሉ አይሁዳዊት አሮጊት አሉ። እናቴ ሆም ኬር፣ ቤት እየሄደች የምታስታምም ሠራተኛ፣ ስለሆነች እሳቸውን ትረዳለች፤ ትመግባቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣቸዋለች፣ ያበጠ እግራቸውን ታሻለች። እኔን ይዛ የምትሄደው የምትተውለት ሰው ስላልነበራት ነው። በኋላ ግን ያለኔ የማይሆን ሆነ፤ ምክንያቱም እማማ ሪቭካ ታሪክ መንገር ይወዳሉ፣ የእናቴ እንግሊዝኛ ደግሞ ያኔ «ኦኬ» እና «ስሎው ስሎው» ላይ ነበር የሚያበቃው። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እማማ ሪቭካ ሁለት ሻማ ያበራሉ። ሰንበታቸው የሚገባው ያኔ ነው። አንዴ ከበራ እፍ ብሎ ማጥፋት አይፈቀድም፣ ነዶ ነዶ ራሱ እስኪያልቅ ይጠበቃል። ታሪኩም የሚያልቀው ሻማው ሲያልቅ ነው። ክሩ ዘንበል ብሎ ሰሙ ውስጥ ሲሰጥምና ቀጭን ጭስ ሽው ሲል፣ እማማ ሪቭካ ደብተራቸውን ይከድናሉ። እስከ ዛሬ የጠፋ ሻማ ሲሸተኝ «ከዚያስ?» ማለት ያምረኛል።

ደብተሩ የልጅነታቸው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ አይሁድ እየታደነ በሚወሰድበት ዘመን፣ ቤልጅየም በሚባል አገር፣ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ከአክስታቸው ጋር ጣሪያው ሥር ሁለት ክረምት ደብቋቸዋል። ሊያ የምትባል እኩያቸውም አብራቸው ነበረች። እማማ ሪቭካ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመታቸው ነው። ቀን ቀን መራመድ የለም፣ ማሳል የለም፣ ከታች ሰው ዳቦ ይገዛል። የምድጃው ሙቀትና የዳቦው ሽታ በወለሉ ስንጥቅ ወደ ላይ ይመጣል፣ ዳቦው ግን አይመጣም። እሳቸው በእርሳስ ይጽፉ ነበር። የጻፉትን ለኔ በእንግሊዝኛ ይነግሩኛል፣ እኔ ለእናቴ በአማርኛ።

እናቴ ገና በር ስንገባ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ «ልጅቷ እንዴት ሆነች?» ትለኛለች። ልጅቷ ማለት ፊቷ ተቀምጠው ሾርባ የሚጠጡት አሮጊት እንደሆኑ እያወቀች። ይህን ስተረጉምላቸው እማማ ሪቭካ በሳቅ ይፈርሳሉ። «በሕይወት አለች በያት፣ ግን በጣም ርቧታል» ይላሉ።

አንድ ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀን፣ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ገብቼ ልብሴ ላይ ደም አየሁ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ያላወቅሁት ደግሞ በራሴ ጥፋት ነው። ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤት ወረቀት መጥቶ ነበር፤ ስለ ሰውነት ማደግ ልናስተምር ስለሆነ ወላጅ ይፈርም የሚል። እናቴ «ምን ይላል?» ስትለኝ አፈርኩና «ስለ ምሳ ነው» አልኳት። ሳይፈረም ቀረ። ሌሎቹ ልጆች ሲማሩ እኔ ላይብረሪ ተቀመጥኩ። ስለዚህ ደሙን ሳይ በሽታ መሰለኝ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀት እያጠፍኩ እያስገባሁ፣ መቼ ነው የምሞተው እያልኩ ዋልኩ፣ አደርኩ።

ዓርብ ደረሰ። እናቴ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ የእማማ ሪቭካን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ታሻለች። እሳቸው ደብተሩን ሲገልጡ አንድ ገጽ ከላይ እስከ ታች ጠቁሯል።

«ይሄን አጎቴ ነው ያጠፋው» አሉኝ። «ከጦርነቱ በኋላ አንብቦት፣ ነውር ነው ብሎ ቀለም አፈሰሰበት። ሥሩ ያለውን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ነገሩኝ። ጣሪያው ሥር ሳሉ ደም እንደመጣባቸው። ውኃ በቀን አንድ ባልዲ ብቻ እንደሆነ፣ አክስታቸውን መጠየቅ እንዳፈሩ፣ የሚሞቱ እንደመሰላቸው። እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ ወታደሮቹ ሳያገኙኝ በራሴ ደም ልሞት ነው ወይ? ሰውነቴ እኔን ሳያማክረኝ ለምን ይለወጣል? ሊያ ብርዱን ፈርታ እጄን ይዛ ስትተኛ ልቤ የሚመታው፣ ፍቅር የሚሉት ይሄ ነው ወይ? ሴት ልጅ ለሴት ልጅ እንዲህ ይሰማታል ወይስ እኔ ብቻ ነኝ? ማንን ልጠይቅ?

እኔ ጆሮዬ ጋለ። እናቴ ቀና ብላ ትጠብቀኛለች።

«ተርበው ነበር አሉ» አልኳት።

«አይ የኔ ምስኪን» አለች እናቴ።

እማማ ሪቭካ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ። «ይህን ሁሉ አውርቼ? አማርኛ እንዲህ አጭር ቋንቋ ነው እንዴ?»

ልስቅ ብል እንባዬ ቀደመኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጣታቸውን የጠቆረው ገጽ ላይ አድርገው «አጎቴ በቀለም አጠፋው» አሉኝ። «አንቺስ በምን አጠፋሽው?»

«ምን አሉሽ? ምን አድርገሽ ነው?» አለች እናቴ።

እሷን ማየት ስላቃተኝ ሻማውን እያየሁ ነገርኳት። ሁሉንም። አንዳንዱን በአማርኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም ነበር፤ ብቻ በማውቀው ቃል ነገርኳት። ደሙን፣ ባልዲውን፣ የሊያን እጅ። «ማንን ልጠይቅ?» የሚለውንም ነገርኳት። ከዚያ እንዴት እንደወጣኝ እንጃ፣ «እኔም» አልኩ።

«አንቺም ምን?»

«እኔም ደም… ማክሰኞ።»

የእናቴ እጅ እግራቸው ላይ ቆመ። የምትመታኝ መስሎኝ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ሳበችኝ።

«ሦስት ቀን ሙሉ? ብቻሽን?»

«የምሞት መሰለኝ እማዬ።»

«ሞኝ! ሞት እንዲህ አይመጣም» ብላ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አጣበቀችው። ልቧ እንዴት ይመታ ነበር። ከዚያ «ንገሪያቸው» አለችኝ። «እኔም ለናቴ አልነገርኩም በያቸው። አዲስ አበባ፣ ከጎረቤት ልጅ ነው የሰማሁት። እናቴም ለናቷ የነገረች አይመስለኝም። ልጅቷ ግን ቢያንስ ጽፋዋለች። ጎበዝ ናት በያቸው።»

ተረጎምኩ።

«ሊያስ?» አለች እናቴ።

«ወሰዷት፤ አልተመለሰችም» አሉ።

ስለ ሊያ እናቴ ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ቤተክርስቲያን የማትቀር ሴት ናት። እሷ ግን እግራቸውን መልሳ ያዘችና «በዚያ ጨለማ እጅ ይዞ የሚተኛ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም» አለች። ይህንንም ሳላጎድል ተረጎምኩ።

እማማ ሪቭካ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «ይሄ ገጽ ስልሳ ዓመት ጮክ ተብሎ አልተነበበም» አሉ። «ዛሬ በሁለት ቋንቋ ተነበበ።» እንዲህ ሲኮሩ አይቻቸው አላውቅም፤ ፊታቸው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መሰለ። ሻማው ያኔ ገና ግማሽ ነበር፣ ደብተሩ ግን ተከደነ። የዚያን ቀን ሻማው እስኪያልቅ የተወራው ስለኔ ነው።

ስንመለስ እናቴ ፋርማሲ ገብታ የሚያስፈልገኝን ራሷ መርጣ ገዛችልኝ። ባቡር ላይ ደግሞ «ያ የምሳ ወረቀት እኮ የምሳ አልነበረም» ብዬ ተናዘዝኩ።

«እኔም ለምሳ ማን ያስፈርማል ብዬ ነበር» አለች። «ሁለተኛ እንዳትደግሚው። የምትነግሪኝን ሁሉ ነው የማምነው፤ ሌላ ምን አለኝ?»

ያቺ ንግግር ከሁሉም ነገር በላይ አጥንቴ ውስጥ ቀረች።

እማማ ሪቭካ ካረፉ ቆዩ። እኔ አሁን የአሥር ዓመት ልጅ እናት ነኝ፣ እውነቱን ለመናገር ሁሉም ነገር የሚያስፈራኝ እናት ነኝ። ልጄ ሶልያና ካሳለች ታመመች ብዬ እፈራለሁ፣ ዝም ካለችም እፈራለሁ። ትራሷ ሥር ደብተር አላት። አንድ ቀን አልጋ ሳነጥፍ አነሳሁትና በእጄ ይዤ ብዙ ቆምኩ። የእማማ ሪቭካ አጎት ቀለም ታወሰኝ፤ እሱም ሲጀምር ለደግ ብሎ ነው ያነበበው። መልሼ አስቀመጥኩት።

ባለፈው ሳምንት ሶልያና ራሷ መጣች። ድስት እያማሰልኩ ነበር፣ እናቴ አጠገቤ ሽንኩርት ትልጣለች። «ማም፣ የሆነ ነገር ልንገርሽ?» አለችኝ። ምድጃውን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፣ ረጅም ነው። ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፍም፤ የሷ ነው። እኔ ሦስት ቀን ደብቄ የያዝኩትን ዓይነት ነገር እሷ ግን አንድም ቀን እንዳላሳደረችው ስሰማ ደረቴ በኩራት ሞላ።

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

ልጄን አየኋት። «ንገሪያት» አለችኝ፣ «ሁሉንም።»

ተረጎምኩ፣ አንድ ቃል ሳላጎድል። እናቴ ሰምታ ስታበቃ ሽንኩርቱን አስቀምጣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አላውቅም። ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ፣ ልክ እማማ ሪቭካ ያኔ ይሉ እንደነበረው፣

«ልጅቷ በሕይወት አለች» አለችኝ።