የጋሽ ታዬ ጎታቾች

እኔ፣ እህቴ ሳራ፣ ከአምስተኛው ፎቅ የሚመጣው ዮናስ፣ ጋሽ ታዬ፣ ከካልጋሪ ለጥቂት ቀን የመጣችው ልጃቸው ሂሩት። ያን ቀን ፓርክዴል በሚባለው ሰፈር፣ የጋሽ ታዬ በረንዳ ላይ የነበርነው እኛ ብቻ ነን። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 2008 ይመስለኛል። ሰሞኑን ባቡር ጣቢያ ቆሜ የጋለ ፍሬን ሽታ ሲያፍነኝ፣ እያንዳንዳችን የት እንደቆምን ሳይቀር ትዝ አለኝ።

እናቶቻችን ከሥራ እስኪመለሱ የሚጠብቁን ጋሽ ታዬ ነበሩ። መቀመጥ አይወዱም። ከበሩ እስከ በረንዳው ብረት ይመላለሳሉ፤ ከሕንፃው በታች በሐይቁ በኩል ያለው ሐዲድ ማጉረምረም ሲጀምር ቀጥ ብለው ይቆሙና «ማን መጣ?» ይላሉ። «ባቡር» ብሎ መመለስ አይቻልም። ባቡርማ ሁሉም ነው፤ የሚፈልጉት የጎታቹን ስም ነው። ሎኮሞቲቭን ጎታች ነበር የሚሉት። ኤፍ አርባ የሚባለውን ሞዴል ሞተሩ ስለሚያላዝን «አልቃሻው»፣ ግንባሩ ወደ ኋላ የተጋደመውን ፒ አርባ ሁለት «መላጣው»፣ አረንጓዴና ነጩን ኤፍ ሃምሳ ዘጠኝ ደግሞ «ደልዳላው» አልናቸው። አንድ ቀን ዮናስ ከፊት የሚመጣውን ባለ መስኮት ፉርጎ ደልዳላው ነው ቢል፣ «ጎታቹ ከኋላ እየገፋ አንተ ተጎታቹን ትሾማለህ?» ብለው አሳቁበት። በጆሯቸው ቀድመው አውቀው የሚፈትኑን ነበር የሚመስለን።

ሂሩት የመጣችው አባቷን ልትወስድ ነው። ዓይናቸው ደክሟል ብላ ጠርጥራለች፤ እሳቸው ግን ብቻዬን መኖር አያቅተኝም እያሉ በስልክ ሲከራከሯት ከርመዋል። ይህን ከእናቴ ሰምተን ስለነበር እኛም አላረፍንም። ድካማቸው እንዳይታወቅባቸው፣ እሷ ፊት ጥያቄያቸውን ሳይጨርሱ እንመልስ ነበር።

ከዚያ የማናውቀው ጎታች መጣ። ድምፁ ወፍራም፣ ትከሻው ከፍ ያለ፣ ከደልዳላው የረዘመ።

«ማን መጣ?»

ሦስታችንም ስም አጣንለት። ደግመው ጠየቁ።

ሂሩት ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ ዛሬ አንተ ንገራቸው። ምን ይመስላል?» አለች።

ጎታቹ አልፎ ሄዷል፤ ጋሽ ታዬ ግን ገና እንዳላለፈ ሁሉ ፊታቸውን ወደመጣበት አቅጣጫ አዙረው ብረቱን ጨብጠዋል። ሳራ፣ «ኢትስ ግሪን፣ ጋሽ ታዬ» ብላ አረንጓዴ መሆኑን በእንግሊዝኛ አንሾካሾከችላቸው። ሂሩት ሰማች።

«አላየውም» አሉ። «ማየት ከተውኩ ቆየሁ። የሚያሳዩኝ እነዚህ ናቸው።»

ለካ ሲፈትኑን አልነበረም፤ ሲጠይቁን ነው።

ሂሩት ወደ ብረቱ ቀረበች። ቀጣዩ ሲመጣ ከጎናቸው ቆማ፣ «ይሄኛው ግንባሩ የተኛ ነው» አለቻቸው። «መላጣው» አሉ፣ ፈገግ ብለው። የዚያን ዓመት በጋ ወደ ካልጋሪ ይዛቸው ሄደች።

ስለ ጎታቾች ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም፤ ሞዴሎቹን በኋላ በራሴ አንብቤ ነው የለየሁት። ዛሬም አንድን ነገር ለማያየው ሰው መግለጽ እስክችል ድረስ በደንብ ያየሁት አይመስለኝም። ይህ ከእሳቸው የቀረኝ ነው።

ያ ስም ያጣንለት አዲሱ ጎታች ኤም ፒ አርባ ነበር። ማታውኑ፣ እኛ መልኩን እየነገርናቸው፣ ስም አወጡለት። እኔ «ትከሻሙ» ይመስለኛል፤ ሳራ «እንግዳው» ነው ትላለች። ዮናስ፣ ሂሩት፣ ይህን ካነበባችሁ የቱ እንደነበር ንገሩን፤ የዘለልኩትም ካለ ጨምሩበት።